አንድ መስመር አጥፉልኝ

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ጽሑፍ በዋናነት ለእናንተ ነው። ሌሎቻችሁም ወዳጆቼ ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ኮድ የማይጽፍ ሰውም እንዲከታተለው አድርጌ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከ2000 እስከ 2004 ዓ.ም. ዌብ ፕሮግራሚንግ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ያቺ በስቴፕለር የተያዘች ሃንድአውት ትዝ ትላችኋለች? ፎቶ ኮፒዋ ከመደብዘዙ የተነሳ ከመስኮት ብርሃን ጋር ካልሆነ የማትነበበው? እሷ ውስጥ "ከሰርቨር መረጃ መጠየቅ" የሚል ምዕራፍ አለ። ስድስት መስመር ኮድ ነው። አራተኛው መስመር "አክሰፕት-ቻርሴት" የሚል ሄደር ይልካል። እሱን መስመር አጥፉልኝ። በሠራችሁት ሥራ ሁሉ ውስጥ ፈልጋችሁ አጥፉት።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ስልኬ ጮኸ። የድሮ ተማሪዬ ናት። አሁን የራሷን ትንሽ የሶፍትዌር ሥራ ይዛ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው።

"ቲቸር፣ ጉድ ሆኛለሁ።"

"ምን ሆንሽ?"

"የእድሩን ስም ዝርዝር አበላሽቼዋለሁ።"

እድሩ እናቷ አባል የሆኑበት የአቃቂ የሰፈር እድር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ያለበት፣ ከአባላቱ ብዙዎቹ የጨርቃ ጨርቁና የመለዋወጫው ፋብሪካ ጡረተኞች የሆኑበት የቆየ እድር። ድሮ ባህር መዝገብ ነበራቸው። 2009 ዓ.ም. ላይ የአንድ አባል ልጅ "ዘመናዊ እናድርገው" ብሎ ባንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ፕሮግራም ሠራላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ባህር መዝገቡ ላይ መጻፍ ቀረ። እያደር ኮምፒውተሩ አረጀ፤ ለማስነሳት እንደ አሮጌ ላዳ መግፋት ብቻ ነው የቀረው። ተማሪዬ ለእናቷ እድር ብላ በነፃ ወደ ኢንተርኔት ላዛውርላችሁ አለች። እግዜር ይስጣት፣ ስንቱ ነው እንዲህ የሚያስብ?

አንድ ቅዳሜ ማታ ፕሮግራሟ አሮጌውን ኮምፒውተር "የአባላቱን ዝርዝር ስጠኝ" ብሎ ጠየቀ፤ ሰጠው፤ አዲሱ ዳታቤዝ ላይ አስቀመጠ። የአባላቱን ብዛት አስተያየች፤ 300 ምናምን እዚያም እዚህም እኩል ነው። የገንዘቡን ድምር አስተያየች፤ ሳንቲሙ እንኳ አልጎደለም። ተመስገን ብላ ተኛች። በሳምንቱ አሮጌው ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ለሰፈሩ ልጆች መለማመጃ ተሰጠ።

ስሞቹን ግን ማንም ገልጦ አላየም።

በዚያው ሰሞን የአንድ አባል ባለቤት አረፈች። የእድሩ ጸሐፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ፣ ሰውየው ውዝፍ ይኑርበት አይኑርበት ለማየት ላፕቶፑን ከፈቱ። ደንቡ ይታወቃል፤ ውዝፍ ያለበት አባል ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት ጉዳዩ መታየት አለበት። ጋሼ ስክሪኑን አዩት። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩት። ከዚያ ደወሉላት።

"ምን ይታይሻል? አንብቢልኝ" አልኳት።

"አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የፈረንጅ ኤ፣ ከዚያ ትንሽ ቆብ የመሰለች ምልክት፣ ከዚያ የዲግሪ ምልክት። ከዚያ ደግሞ ያቺው ኤ..."

"ሰ ናት" አልኳት።

"እ?"

"ያነበብሽልኝ ሰ ናት። አልጠፋችም፣ ልብሷን ነው የቀየረችው።"

እዚህ ላይ ኮድ ለማትጽፉት ትንሽ ላብራራ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮችን ነው የሚያስቀምጠው፣ ባይት የምንላቸውን። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አሠራር አንዱን የአማርኛ ፊደል በ3 ባይት ይጽፈዋል። ሀ ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ነው። ሰ ደግሞ 225፣ 136፣ 176። የምንጠቀምባቸው የአማርኛ ፊደሎች በሙሉ በ225 ይጀምራሉ። አሁን እነዚህን ቁጥሮች የምዕራብ አውሮፓን ሠንጠረዥ ለያዘ ፕሮግራም ስጡት። እሱ ሦስት ባይት አንድ ፊደል ይሆናል የሚል ነገር አያውቅም፤ እያንዳንዷን ለብቻዋ ያነባታል። 225 በእሱ ሠንጠረዥ ያቺ ጭረት ያለባት ኤ ናት። የተበላሸ አማርኛ ባያችሁ ቁጥር በያንዳንዱ ፊደል መነሻ ላይ እሷ የምትደረደረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ደስ አለኝ። ባይቶቹ ካሉ መልሶ ማንበብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። "አይዞሽ፣ ፋይሉን ላኪልኝ" አልኳት።

ላከችልኝ፤ ደስታዬ አልቆየም። በኤዎቹና በቆቦቹ መሀል ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት በብዛት ተዘርታለች። ይቺ ምልክት "እዚህ ባይት ነበረ፤ ምን እንደሆነ ስላላወቅሁት ጣልኩት" ማለት ናት። የተጣለ ባይት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

"ኮዱንም ላኪልኝ።"

ኮዱም መጣ። አራተኛው መስመር ላይ ዓይኔ ቀጥ አለ። "አክሰፕት-ቻርሴት"፤ መጀመሪያ አይኤስኦ-8859-1፣ ቀጥሎ ዩቲኤፍ-8 በ0.7፣ ቀጥሎ ኮከብ በ0.7። ከአጠገቡ በአስተያየት መልክ "አትንኩት፣ ይሠራል" የሚል ተጽፏል። የኔው ጽሑፍ ነው፣ ከነቃል አጋኖው። ከዚያች ከደበዘዘች ሃንድአውት ተገልብጦ፣ ከሥራ ወደ ሥራ እየተሻገረ፣ ስንት ዓመት ተጉዞ አቃቂ እድር ደረሰ።

ይሄ ሄደር ምንድነው? አንድ ፕሮግራም ሰርቨር ሲጠይቅ ጥያቄውን እንደ ደብዳቤ አስቡት። ሄደሮቹ ፖስታው ላይ የሚጻፉት ነገሮች ናቸው። "አክሰፕት-ቻርሴት" የሚለው "መልሱን ስትጽፍልኝ በዚህ ፊደል ሠንጠረዥ ብትጽፍልኝ እመርጣለሁ" ማለት ነው። ከ0 እስከ 1 ያለው ቁጥር የምርጫው ደረጃ ነው፤ ቁጥር ካልተጻፈበት 1 ነው። እንግዲህ የኔ መስመር ሲተረጎም "ከሁሉ በፊት የምዕራብ አውሮፓውን ስጠኝ፤ ዩኒኮድም ቢሆን ይሁን፤ ሌላም ከሆነ ግድ የለኝም" ነው። የአማርኛ ስም ዝርዝር የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ይላል? አይልም። እኔ ግን ያንን መስመር ያኔ ፋየርፎክስ ብሮውዘር ሲልከው አይቼ ነው ቃል በቃል የገለበጥኩት። "ትልልቆቹ የሚልኩት ከሆነ ልክ ነው" ብዬ። ክፍል ውስጥ "ለምን?" ብሎ የጠየቀኝ አንድም ልጅ አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

የሚገርመው ታሪኩ ነው። ይሄ የምርጫ ነገር ሲፈጠር ችግሩ እውነተኛ ነበር። ሩሲያውያንን ውሰዱ፤ ለፊደላቸው ከአንድ በላይ ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው ሠንጠረዥ ነበራቸው፣ አንዱ ኮምፒውተር ይሄንን ያውቃል ሌላው ያንን። ለእነሱ "በየትኛው ልጻፍልህ?" ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕጉን የጻፈው የ1999 (እ.ኤ.አ.) ሰነድ፣ አርኤፍሲ 2616 የሚባለው፣ ምሳሌ ሲሰጥ እንኳ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው አይኤስኦ-8859-5ን፣ የነሱኑ የሲሪሊክ ሠንጠረዥ ነው።

ለእኛስ? እኛ ሠንጠረዥ አላጣንም፤ እንዲያውም በዝቶብን ነበር። በ1990ዎቹ ቪዡዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አጋፋሪ... ሁሉም የየራሱን ቁጥር ለየፊደሉ ሰጥቷል። ባንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ጋ ሲከፈት የጉድ ነው። እዚሁ ቃሊቲ የጽሕፈት ሥራ ቤት የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ደንበኛው በፍሎፒ ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ "በምን ፎንት ነው?" ነበር። ችግሩ እነዚህ ሠንጠረዦች ፎንት ውስጥ የተደበቁ መሆናቸው ነው። ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ፊደል ነው ብሎ ያስባል፤ እኛ ነን መልኩን የቀየርነው። ማይክሮሶፍት ለሩሲያኛ፣ ለዐረብኛ፣ ለግሪክኛ የየራሳቸውን የኮድ ገጽ ሲያወጣ ለአማርኛ አላወጣም፤ ዊንዶውስ አማርኛን የተቀበለው በዩኒኮድ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ሄደር ላይ የምንጽፈው የራሳችን አማራጭ ስም አልነበረንም።

ነገሩን የተጋፈጡት የራሳችን ሰዎች ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በተራ የላቲን ፊደሎች የሚጽፍ ሥርዓት አወጡ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ "ሴራ" ነው (እኛ የምናውቀው ዓይነት ሴራ አይደለም)። ትንሿ ኤስ ለሰ፣ ትልቋ ኤስ ለጸ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ዳንኤል ደግሞ "ላይቭ ግዕዝ" የሚባል አሠራር ሠራ። ጽሑፉ ሰርቨሩ ላይ ባንድ መልክ ይቀመጣል፤ አንባቢው "እኔ ያለኝ ፎንት ይሄ ነው" ሲል ሰርቨሩ እዚያው በዚያው ገልብጦ በሱ ፎንት ይሰጠዋል። ልብ አላችሁ? አክሰፕት-ቻርሴት ሊሠራው የፈለገውን ሥራ፣ ሄደሩ ለእኛ ቦታ ስላልነበረው፣ እኛው በጓሮ በር ሠራነው። ያንን ዘመን ሳስበው እኮራለሁ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን የራሱን ቦታ አገኘ። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ "ኒያላ" የሚለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ ፎንት ፍለጋው በአብዛኛው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለአማርኛ በኢንተርኔት ላይ ያለው ሠንጠረዥ አንድ ብቻ ነው። ምርጫ የሌለው ሰው "ምን ልስጥህ?" ሲባል የሚያገኘው ጥቅም የለም። የሚያገኘው ጉዳት ብቻ ነው። እኔ ይሄንን በ2000 ዓ.ም. ማወቅ ነበረብኝ።

አንድ የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር ልጨምር። ያ የ1999 ሰነድ አንድ አንቀጽ አለው። ሄደርህ ላይ ኮከብ ከሌለ፣ ስማቸውን ያልጠራሃቸው ሠንጠረዦች ሁሉ 0 ያገኛሉ ይላል፤ አይኤስኦ-8859-1 ሲቀር። እሱ ባትጠራውም 1 ያገኛል። "ዩቲኤፍ-8 ብቻ ስጠኝ" ብትል እንኳ በሕጉ መሠረት የምዕራብ አውሮፓውንም እኩል መርጠሃል ማለት ነው! ሳይጠራ ሰርግ የሚመጣ፣ መጥቶም ከሙሽራው ጎን የሚቀመጥ እንግዳ። ኋላ ላይ አንቀጹ ተሰርዟል። በሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አርኤፍሲ 9110 ጭራሽ ሄደሩን ራሱን ጊዜው ያለፈበት ብሎታል፤ ዩቲኤፍ-8 ሁሉም ጋ ደርሷል፣ ሄደሩ ደግሞ የመሥመር ብክነትና የተጠቃሚን ማንነት ለማነፍነፍ መጋለጥ ነው የሚል ነው ምክንያቱ። ብሮውዘሮችም መላክ ካቆሙ ቆይተዋል። የኔ ሃንድአውት ግን አላቆመችም።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የነበረው ሰርቨር ሄደሩን አላየውም። ስሞቹን እንዳሉ በዩቲኤፍ-8 ላካቸው፤ ግን "ይሄ ዩቲኤፍ-8 ነው" ብሎ አልጻፈም። የኛ ፕሮግራም ደግሞ አሮጌውን ሕግ ይከተላል፤ ምንነቱ ያልተጻፈበት ጽሑፍ አይኤስኦ-8859-1 ነው፣ የጠየቅነውም እሱን ነው። በተግባር ላይብረሪው ያነበበው ዊንዶውስ-1252 በሚባለው ዘመዱ ነው። ይሄ ሠንጠረዥ ከ256 ቦታዎቹ አምስቱ ባዶ ናቸው፤ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። ከነዚህ አንዱ በመጣ ቁጥር ፕሮግራሙ ጥሎት ጥቁር አልማዝ አስቀመጠ።

ሰርቨሩ ጨዋና ታዛዥ ቢሆን ኖሮስ? ሄደሩን አክብሮ ስሞቹን ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ይገለብጥ ነበር። እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድም የአማርኛ ፊደል ስለሌለ እያንዳንዷ ፊደል ተራ የጥያቄ ምልክት ትሆን ነበር። 300 ምናምን ሰው፣ ስሙ ሁሉ ጥያቄ ምልክት። ያዳነን የሰርቨሩ አለመታዘዝ ነው።

እሷ ገላን፣ እኔ ቃሊቲ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን መብራት እንዳይሄድ እየለመንን ተያያዝነው።

የመጀመሪያው የምሥራች ይሄ ነበር። የአማርኛ ፊደል ሁለተኛው ባይት ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ብቻ ነው የሚውለው። ከነዚህ ባዶው ቦታ 141 ብቻ ነው። እንግዲያው በሁለተኛው ቦታ ላይ አልማዝ ካለ የጠፋው 141 ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም! የፈ፣ የፀሐዩ ፀ እና የፐ ቤተሰቦች እንዲህ ሆነው ተመለሱ። ተስፋም አሰፋም ጸፍፀፍ ብለው ቆሙ። እልል ማለት ነበር የቀረን።

ሁለተኛው ነገር አስቂኝ ነበር። አባታቸው ወይም አያታቸው ከበበ የሆኑ ሰዎች መጨረሻቸው ተቆርጧል። በ ሦስተኛው ባይቱ 160 ነው፤ 160 ደግሞ በፈረንጁ ሠንጠረዥ የማይታይ ባዶ ቦታ ነው። ልጅት ጥንቁቅ ስለሆነች ፕሮግራሟ ከስም ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ ይጠርጋል። በጠረገው ቁጥር የከበበን ጭራ ይዞ ሄደ። እሱንም መለስነው።

ከባዱ ሦስተኛው ባይት የጠፋባቸው ናቸው። እዚህ ላይ አምስት እጩ አለ። ሁለተኛው ባይት 137 ከሆነ ቁ ናት ማለት ይቻላል፤ ሌሎቹ እጩዎች በስም ላይ እምብዛም አይገቡም። 138 ከሆነ ነ ወይም ኝ። 139 ከሆነ ው፣ ዐ ወይም ዝ። 140 ከሆነ ግ፣ ጁ ወይም ጐ። 136 ላይ ግን አምስቱም ሕያው ናቸው፤ ሁ፣ ል፣ ሏ፣ ሐ፣ ም። ኮዱ እጩዎቹን እየደረደረ ያወጣል፣ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፦ "ደሁሴ፣ ደልሴ፣ ደሏሴ፣ ደሐሴ፣ ደምሴ።" ሻምበል የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ስለተመታ 25 እጩ አወጣ። "ሻልበም የሚባል ሰው እናውቃለን?" ስትል ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን። ለቅሶ ቤት እየጠበቀን መሆኑ ትዝ ሲለን ዝም አልን።

ሊነጋ ሲል ሁለት መዝገብ ሲቀር ሁሉም ስም ተመልሶ ነበር።

የቀሩት ሁለቱ መንታ ወንድማማቾች ናቸው። ሙስሊም ቤት ወንድ መንታ ሲወለድ ብዙ ጊዜ የሚወጣውን ስም ታውቃላችሁ፤ ሐሰንና ሁሴን። የድሮው መዝጋቢ ሁለተኛውን እንደሰማው "ሁሰን" ብሎ ጽፎታል። ሐ እና ሁ ሁለቱም ከ136ቱ መንደር ናቸው፤ ሁለቱም ሦስተኛ ባይታቸው ባዶ ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው። እና ሁለቱም "□ሰን" ሆኑ። አባታቸው አንድ፣ አያታቸው አንድ። ከአባታቸው የወረሱት ግቢ ውስጥ ስለሚኖሩ የቤት ቁጥራቸው አንድ። ስልክስ? ሁለቱም ያስመዘገቡት የአንዱን ልጅ ስልክ ነው። አንደኛው "□ሰን" ሙሉ ከፍሏል። ሌላኛው "□ሰን" የ7 ወር ውዝፍ አለበት።

ባለቤቱ ያረፈችው ከሁለቱ አንዱ ነው።

ጠዋት ከቃሊቲ መናኸሪያ ታክሲ ይዤ አቃቂ ወረድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፤ ለዚያ ማንም ዝርዝር አልጠበቀም። ገንዘቡ ግን አልወጣም። ኮሚቴው ተቸግሯል። ጋሼ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣

"መምህር፣ ያ ማሽን ምን ይላል?" አሉኝ።

"ማሽኑ አያውቅም ጋሼ" አልኳቸው። "ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ነገር ጠፍቷል።"

"ደብተራቸውስ?" አለች ተማሪዬ። አባል ሁሉ የሚከፍልበት ማኅተም የሚመታበት ትንሽ ደብተር አለው። የባለ ሐዘኑ ደብተር በሕመሙ መሀል የት እንደገባ አልታወቀም፤ ሚስቱ ናት የምታስቀምጠው የነበረው። የወንድሙን ደብተር የክረምት ዝናብ በልቶታል።

እንዲህ ስንባባል ወንድሙ ሰምቷል ለካ። ሽማግሌ ነው፣ በዱላ ነው የሚሄደው። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ቆመና "ውዝፉ የኔ ነው" አለ። "የሱ አይደለም። ታምሜ ልጄ ጋ አዳማ ሰንብቻለሁ፣ ሰባት ወር አልከፈልኩም። ስጡት።"

አንድ ሽማግሌ ዕዳውን በአደባባይ፣ በወንድሙ ሚስት ለቅሶ ላይ መናገር ነበረበት? መዝገቡ ደህና ቢሆን ኖሮ ጋሼ ላፕቶፑን ከፍተው፣ አይተው፣ ዘግተው፣ ገንዘቡን በፖስታ ያስረክቡ ነበር። የሰውየው ውዝፍ በሱና በጸሐፊው መሀል ይቀር ነበር። ተማሪዬ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ያቺ "አትንኩት፣ ይሠራል" የምትል አስተያየቴ ፊቴ ላይ ድቅን እያለች ሰው ፊት ቀና ማለት አቃተኝ። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ነገርኳት፤ አመነችኝ አላመነችኝ አላውቅም። ውዝፉን እኔ ልክፈል ብዬ ነበር፤ ሽማግሌው "የሰው ዕዳ ምን አገባህ" ብለው ከለከሉኝ።

በቃ፣ አሁን ወደ ሥራው። መስመሩን አጥፉ ብያለሁ። ስታጠፉት ምንም አይቀርባችሁም፤ ሄደሩ ከሌለ ሰርቨሩ እንዳለው ይልካል። እናንተ ስትልኩ ግን ሁልጊዜ የጽሑፉን ዓይነት በሚናገረው ሄደር ላይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ጻፉ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የጎደለው እሱ ነበር። ስትቀበሉ፣ ያልተጻፈበት ከመጣ በዩቲኤፍ-8 በጥብቅ አንብቡት፤ ዩቲኤፍ-8 ያልሆነ ነገር ከሆነ ብዙ ጊዜ ወዲያው እምቢ ይላል። እምቢ ሲል ደግሞ ይጩህ፣ ፕሮግራሙ ይቁም። ያንን "ያላወቅኸውን በአልማዝ ተካ" የሚለውን ምቹ አማራጭ ለስም፣ ለመሬት ካርታ፣ ለመድኃኒት ማዘዣ አትጠቀሙበት። እና ከመገልበጣችሁ በፊት የመጣውን ባይት እንዳለ ባንድ ፋይል አስቀምጡ። ያ ፋይል ቢኖር ኖሮ የዚያች ሌሊት ሥራ የአምስት ደቂቃ ነበር።

ብዛትና ድምር ማስተያየት አይበቃም። ቁጥር በየትኛውም ሠንጠረዥ ቁጥር ነው፤ የሚጎዳው ስም ነው። ስለዚህ መሞከሪያ ቃል ያስፈልጋችኋል፤ "ሰላም" ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ፣ ከሦስቱ የምትመታው ም ብቻ ናት። እኔ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ስፈልግ ያገኘሁትን ልስጣችሁ፦ ግልፅ ነው። በፀሐዩ ፅ ጻፉት። አምስቱም ፊደሎች፣ ግ፣ ል፣ ፅ፣ ነ፣ ው፣ አንድም ሳይቀር እነዚያ ባዶ ቦታዎች ላይ ይወድቃሉ። ይሄ ሐረግ በፕሮግራማችሁ አልፎ ደህና ከወጣ፣ በዚህ በኩል ያለው ችግር የለም። በጸሎቱ ጽ ከጻፋችሁት ግን አራቱ ብቻ ናቸው የሚፈተኑት።

ጋሼ ባህር መዝገቡን እንደገና ጀምረዋል። ባለፈው እሑድ ሳልፍ አየኋቸው፤ ከተማሪዬ ፕሮግራም ላይ እያዩ በእጃቸው ይገለብጣሉ። ሐሰንን በሐመሩ ሐ፣ ወንድሙን አሁን "ሁሴን" ብለው ነው የጻፉት።

ያቺ ሃንድአውት ያላችሁ ልጆች፣ ካልጣላችኋት ገጾቿን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እኔ ጋ አንድም ቅጂ የለም፤ ሌላ ምን እንደጻፍኩ ማየት አለብኝ።